ሰላምታው ካለቀ በኋላ

ሰላምታ የእግዜር ነው ይባላል። እውነት ነው፤ እግዜር ግን ጊዜ አለው። እኛ የወላይታ ሶዶ ሰዎችም ከእሱ ቀጥሎ ጊዜ የተረፈን ፍጥረቶች ሳንሆን አንቀርም። አንዲት ሴት ዘይት ልትገዛ ከቤት ወጥታ መንገድ ላይ ሦስት የምታውቃቸውን ሰዎች ካገኘች፣ የዚያን ቀን ምሳ ቤተሰቡ ንፍሮ ይበላል። ማንም አይቆጣትም። «ሰው አግኝቼ ነው» ካለች በቂ ምክንያት ነው።

በስልክ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። መጀመሪያ «ሰላም ነው?» ይባላል፤ ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ልጆች፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ የታመመው ሰው፣ ከዚያ ዝናቡ፣ ገጠር ዘመድ ካለ እንሰቱና ላሚቱ። ይህ ሁሉ በአማርኛ ካለቀ በኋላ «ሳሮ? ሳሮ?» ተብሎ በወላይትኛ እንደገና ይጀመራል። የአማርኛው ሰላምታ እንደ ቢሮ ነው፤ የወላይትኛው ቤት ድረስ ይገባል። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው ሁለት ጊዜ ሰላም ይላል ማለት ነው። ሀገራችን ስንት ቋንቋ እንዳላት ስታስቡት በዚሁ ማብቃታችን ተመስገን ነው።

እኔም ብሆን የሰላምታ ልጅ ነኝ። አያቴ ከጉራጌ ደጋ ወርዶ ሶዶ ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር፤ ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀው መጀመሪያ እናቱን ይጠይቀው ነበር ይባላል። ሱቁ ከአባቴ አላለፈም፤ ሰላምታው ግን እኔ ድረስ ደርሷል። ታዲያ ይህ ውርስ፣ ከሚስቴ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሊያኖረኝ በነበረው ፈተና ሊጥለኝ ነበር ብል ታምኑኛላችሁ? ከሥሩ ላስረዳችሁ።

ሚስቴ ታደለች ትባላለች። የቦምቤ ሰው አይደለችም፣ ግን ሥራዋ ቦምቤ ነው፤ እዚያ በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የሰው ሀብት ሠራተኛ ናት። የሌላውን ሰው ዝውውር የምታስፈጽመው እሷ ናት። ተራርቀው የኖሩ ባልና ሚስት ሲገናኙ ፋይላቸውን አሥራ፣ መርቃ የምትሸኛቸው እሷ ናት። የራሷ ማመልከቻ ግን «ቦታ ሲገኝ ይታያል» ከተባለ ዓመታት አለፉት። እኔ ሶዶ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጽሕፈት ሠራተኛ ነኝ። ልጃችን ቤቴል ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና ከበሩ ኋላ የተቀመጠው የታደለች ነጠላ ጫማ ነን።

«ቦምቤ እኮ ቅርብ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ሁሉም እንዲህ ይለኛል። በአረካ በኩል በሚኒባስ ይኬዳል፤ ዝናብ ካልጣለ የከሰዓት መንገድ ነው፤ ከጣለ ደግሞ መቼ እንደሚደረስ ሾፌሩም አያውቅም። ለሚናፍቅ ሰው ግን ቅርብ የሚባል ርቀት የለም። ታደለች ዓርብ ማታ ዝንጅብል በፌስታል ይዛ ትመጣለች፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ምሳ በልተን መነኻሪያ እሸኛታለሁ። ከዚያ ወደ ቤት ስመለስ በአቋራጩ አልመጣም፤ ዞር ዞር ብዬ ነው የምገባው። ቤቱ ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸታል። ማክሰኞ ላይ ሽታው ይጠፋል። የሳምንቱ ክፉ ቀን ማክሰኞ ነው።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ታደለች እጇን የቃሪያው ዳጣ ላይ እንዳደረገች፣ ተራ ወሬ እንደምታወራ ሰው፣ «እኛ ጋ አንድ መደብ ተከፍቷል» አለች። «የኮምፒውተር ጥገናና ድጋፍ። የብቃት ምዘና ያለፈ ሰው ነው የሚፈልጉት።» ከዚያ ጎደሬዋን ዳጣ አስነክታ በላች። ቀና ብላ አላየችኝም። ያላየችኝ ፊቴ ላይ ተስፋ እንዳታይ ነው፤ ዓመታት ሙሉ በተስፋ የተጎዳች ሴት ናት።

እንግዲህ በትምህርት ቤታችን ኤሌክትሪክ የነካው ነገር ሁሉ ሲበላሽ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። የርእሰ መምህሩ ሞባይል፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር፣ የጥበቃው ሬዲዮ፣ አንዴ እንዲያውም የመምህራን ክበብ ማቀዝቀዣ መጥቶልኛል። የእኔ እውቀት አጥፍቶ ማብራት ነው። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ዐዋቂ ይለኛል። ለምዘናው ግን ይህ እንደማይበቃ ስለገባኝ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጥ ሥልጠና ውስጥ ገባሁ። አብረውኝ የሚማሩት የቤቴል እኩዮች ናቸው። እነሱ በአንድ ቀን የያዙትን እኔ ሳምንት ይፈጅብኛል። የኔትወርክ ገመድ ጫፍ ላይ ያሉትን የቀጫጭን ሽቦዎች የቀለም ቅደም ተከተል በቃሌ ለመያዝ ስል፣ ስብከት መሀል ሳይቀር ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ነበር። ነጭ በብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ከጎኔ የሚቀመጡ፣ ከዚያ በፊት የማልጸልይ ሰው አድርገው ያዩኝ የነበሩ እናት እንዲህ በመንፈስ መሞላቴን አይተው ከዚያ ወዲህ በአክብሮት ሰላም ይሉኛል።

ችግሩ ያለው ቅዳሜ ላይ ነው። ቅዳሜ ታደለች ሶዶ የምትውልበት ብቸኛ ሙሉ ቀን ነው። ከሚስቴ ጋር ለመኖር ስል ሚስቴ ያለችበትን ቀን ሰጠሁ። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ፕሪንተር እየፈታሁ ቤቴ ውስጥ ያለችውን ሚስቴን እናፍቃለሁ። ቦምቤ ስትሆን መናፈቅ ለምጄዋለሁ፤ ሶዶ ሆና፣ በባጃጅ በሚደረስ ርቀት ላይ ሆና መናፈቅ ግን ሌላ ነገር ነው። እሷ ምንም አላለችም። ማታ ስገባ ራት አቅርባ «ዛሬ ምን ፈታችሁ?» ትለኛለች፣ እኔም እነግራታለሁ።

አሠልጣኛችን መምህር ጳውሎስ የአረካ ሰው ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ቃል የማያባክኑ። ምዘናው ሦስት ነገር አለው አሉን፤ የጽሑፍ፣ የእጅ ሥራ፣ ሦስተኛው ደግሞ የስልክ። መዛኙ ሌላ ክፍል ሆኖ ኮምፒውተሩ እንደተበላሸበት ሠራተኛ ይደውላል፣ ተመዛኙ በተወሰነች ደቂቃ ውስጥ ጠይቆ ችግሩን ያገኛል። ቅደም ተከተል አለው። በአጭሩ ሰላም በል። ችግሩ ምን እንደሆነ ጠይቅ። መቼ እንደጀመረ ጠይቅ። ከዚያ በፊት የተለወጠ ነገር እንዳለ ጠይቅ። ሲናገር አታቋርጥ። መጀመሪያ ቀላሉን ሞክር። በርቀት ካልተፈታ በአካል ሂድ። በመጨረሻ ባለጉዳዩ «ተስተካክሏል» ካለህ ብቻ ጉዳዩን ዝጋ። እኔም ሰማሁ፣ ገባኝ፣ ቀላል ነው አልኩ።

ለልምምድ መምህር ጳውሎስ ከጎን ክፍል ደወሉልኝ። አነሳሁ። «ሰላም ነው መምህር?» አልኩ። ሰላም ነው አሉ። ቤት? ደህና። ልጆች? ደህና ናቸው። ዝናቡ እንዴት ነው አረካ? ዘንድሮ ጥሩ ነው። ባለፈው እናትዎ እግራቸውን አሟቸው አልነበር? ተሻላቸው፣ አሁን በምርኩዝ ይወጣሉ። እንሰቱን ያ በሽታ ተወው? የታችኛውን ትቶታል፣ የላይኛው ላይ አለ። እኔ እየጠየቅሁ፣ እሳቸው እየመለሱ፣ አንዱም ጥያቄ ሳይዘለል፣ ደቂቃው አለቀ። ስለ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በመካከላችን አልተነሣም።

መምህር ጳውሎስ በሩን ከፍተው ገቡ። «ስለ እናቴ ጌታ ይባርክህ» አሉኝ። «ምዘናውን ግን ወድቀሃል።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አልሳቀም። እንዴት አድርጌ ነው ሰውን ሳልጠይቅ «ችግርህ ምንድን ነው?» የምለው? ሞከርኩት፣ አልሆነልኝም። ሁለተኛ ጊዜ «ልጆች ደህና ናቸው?» ብዬ ጀመርኩ፣ ራሴን ገታሁና ተመልሼ ቤተሰብ ላይ ገባሁ። የተማርኩት እጄ ላይ ነበር፣ ያልተማርኩት አፌ ላይ። መምህር ጳውሎስ ራሳቸው ሊረዱኝ አልቻሉም፤ አንዴ ከጠየቅኋቸው ሳይመልሱ ማለፍ እሳቸውም አይሆንላቸውም። የአረካ ሰው ሰላምታ አያቋርጥም።

ቅዳሜ ማታ ለታደለች ነገርኳት። በሳቅ ሞተች፤ ከዚያ «ከእኔ ጋር ተለማመድ» አለችኝ። «ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ እደውልልሃለሁ። እኔ ባለጉዳይ ነኝ። እንዴት ነሽ ካልከኝ እዘጋዋለሁ።»

እዘጋዋለሁ ያለችው የምሯን ነበር። ሰኞ ደወለች። «ሰላም፣ እንዴት ነ…» ከማለቴ ጠረቀመችው። እንደገና ደወለች። «ሰላም፣ ምን ልርዳዎት?» አልኩ። ለሚስቴ። እሷ ግን ጎበዝ ባለጉዳይ ወጣት። አንድ ቀን የተቆጣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ትሆናለች፣ «እናንተ ሥራችሁ ምንድን ነው?» እያለች ትጮኽብኛለች። ሌላ ቀን ጡረታ ሊወጣ የደረሰ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆና «እኔ ምንም አልነካሁም» ትላለች፤ በኮምፒውተር ዘመን ከዚህ የበለጠ የተነገረ ውሸት ያለ አይመስለኝም። አማርኛዋ የወላይትኛ ዜማ አለው፤ ኮምፒውተሩን አንዴ ወንድ አንዴ ሴት ታደርገዋለች፣ እኔም እንደ አመጣጧ እቀበላለሁ። እጠይቃለሁ፣ ሳላቋርጥ እሰማለሁ፣ ገመዱ መሰካቱን አስፈትሻለሁ፣ ጉዳዩን እዘጋለሁ። ማክሰኞ እንኳን ቀለል እያለኝ መጣ።

ከዚያ አንድ ምሽት ደወለች። ቦምቤ ዝናብ ነበር፤ በስልኩ ውስጥ ቆርቆሮው ሲደበደብ ይሰማኛል። «ሰላም፣ ምን ልርዳዎት?» አልኩ።

ዝም አለች። ሲናገር አታቋርጥ ተብያለሁ፤ ዝም ሲል ምን እንደሚደረግ ግን አልተማርንም። ጠበቅሁ።

«ዛሬ ኮምፒውተር የለም» አለች። «ዛሬ እኔ ነኝ።»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ምነው? ደህና አይደለሽም እንዴ? አመመሽ? ምን ሆንሽ?» ብዬ አዋክቤያት እሷም «ኧረ ደህና ነኝ» ብላ ትዘጋው ነበር። ማታ ማታ ስንለማመድ አፌ የለመደው ቅደም ተከተል ነበርና፣ «መቼ ጀመረ?» አልኩ።

«ቤቴል የሄደች ዕለት።»

«ከዚያ በፊት የተለወጠ ነገር አለ?»

«ምንም አልተለወጠም። እሱ ነው ችግሩ» አለች። ከዚያ ተናገረች፤ እኔም አላቋረጥኩም። «በየቀኑ ደህና ነሽ ወይ ትለኛለህ፣ ደህና ነኝ እላለሁ። ምን ልበል? ሰላምታ ላይ ደህና አይደለሁም የሚባልበት ቦታ የለውም። ጠይቀህ፣ ጠይቀህ፣ ስትጨርስ ካርዱም ያልቃል። ደክሞኛል የቤቴል አባት። የሰው ባልና ሚስት ሳገናኝ እውላለሁ፣ ማታ ይቺ ክፍል ውስጥ እገባለሁ። ለአንድ ሰው ማብሰል እንኳ አልቻልኩበትም። ድስቱን ስጥደው ሁልጊዜ ለሁለት ይሆናል። ጠዋት የተረፈውን እያየሁ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ናፍቀኸኛል። ይኸው ነው።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን፤ እንዴት አድርገን እንደምንደብቀው ግን አልነገሩንም። በሰላምታ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት በትዳር ስንኖር «ናፍቀኸኛል» የሚለውን ቃል ከታደለች አፍ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እኔም አልኳት። «እኔም ናፍቀሽኛል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ይብስብኛል» አልኩ። ለምን ማክሰኞ እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ያወቀች መሰለኝ። በደንቡ መሠረት «ጉዳዩን ልዝጋው?» አልኳት። «እንዳትዘጋው» አለች። አልዘጋሁትም።

ምዘናው ደረሰ። የጽሑፉን አለፍኩ። ገመዱን አሠርኩ፤ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው፣ ግን አሠርኩ። ስልኩ ጮኸ። መዛኙ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ድምፁ የደረቀ ሰውዬ ነው። «ሰላም፣ ምን ልርዳዎት?» አልኩ። ምን፣ መቼ፣ ምን ተለወጠ፣ ብዬ ጠየቅሁ፣ ሰማሁ፣ ችግሩን አገኘሁ፣ ደቂቃ ተረፈኝ። ሰዓቱ ከቆመ በኋላ ግን አልቻልኩም፤ ከሌላው ክፍል ወደ እኔ ሲመጣ በሩ ላይ ይዤው «ለመሆኑ ቤተሰብ ደህና ናቸው? እንዲህ ከተማ ለከተማ ሲዞሩ አይናፍቁዎትም?» አልኩት። ሰውየው የያዘውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ስለ ሕፃን ልጁ አወራኝ። ሦስት ተመዛኝ ውጭ ይጠብቀው ነበር። ውጤቱ ሲመጣ «ብቁ» ይላል። መምህር ጳውሎስ በሁለቱም ቋንቋ እንኳን ደስ አለህ አሉኝ።

ማመልከቻዬን ቦምቤ አስገባሁ። እንግዲህ መደቡ ያለው ታደለች ጽሕፈት ቤት ነው፤ እሷ ነገሩን ከሁሉም ቀድማ ታውቃለች። እኔ ሶዶ ሆኜ ምን ይዤ እንደምሄድ፣ የቱን አልጋ እንደምናስቀር ማሰብ ጀምሬ ነበር። ነጠላ ጫማዋን ሳይቀር ጠርጌያለሁ።

አንድ ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ደወለች። «ሰላም፣ ምን ልርዳዎት?» አልኩ እየሳቅሁ።

«ሰላም ነው?» አለች። «ቤት ሰላም ነው?»

ሰላም ነው አልኩ። ጎረቤቶች? ደህና ናቸው። አቮካዶው አፈራ? አፍርቷል። ቤቴል ደወለች? ትናንት ደውላለች። ያቺ የመዘምራኑ መሪ፣ የታመመችው፣ ተነሣች? ተነሥታለች፣ እሑድ ዘምራለች። ርእሰ መምህሩስ? እሱ ምን ይሆናል ብለሽ። ሶዶ ዘነበ? ትንሽ። እዚህ ላይ ገባኝ። ክፉ ወሬ የያዘ ሰው ሰላምታውን ያስረዝማል፤ የሚያወርድበት ቦታ እያጣ ነው። ስልኩን እዘጋዋለሁ ስትለኝ የነበረችው ሴት ከቤታችን ተነሥታ በየደጁ እየዞረች ሰላም ስትል፣ እኔ አንዱንም አልዘለልኩባትም። የቀራትን ደግሞ እኔ ጨመርኩላት። «ዶሮዎቹም ደህና ናቸው» አልኩ። ሰላምታን ስወቅስ ለመክረሜ ያን ጊዜ በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ለካ ሰው ልቡን እስኪያጠነክር የሚቆምበት በረንዳም ነው።

«መደቡ ታጥፏል» አለች በመጨረሻ። «በጀት የለም ተብሎ። የመታጠፉን ደብዳቤ እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ።»

«ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት።»

ሌላ ምን ይባላል? አይዞሽ አልኳት፣ አይዞህ አለችኝ። ዘጋን። ዴስኬ ላይ ተቀመጥኩ። የርእሰ መምህሩ ሞባይል ሊጠገን ፊቴ ተቀምጧል። አየሁት። ከዚያ ቅደም ተከተሉ በአፌ መጣ፤ ምን፣ መቼ፣ ምን ተለወጠ፣ ቀላሉን ሞክር፣ በርቀት ካልተፈታ በአካል ሂድ። ተነሥቼ ርእሰ መምህሩን አስፈቀድኩ። «ምነው?» አሉኝ። «ቦምቤ የተበላሸ ነገር አለ» አልኩ። ለሥራ መስሏቸው ፈቀዱልኝ።

ከአረካ የመጨረሻውን ሚኒባስ ነው ያገኘሁት። ቦምቤ ስደርስ ሊመሽ ነው፤ ጫማዬ በጭቃ ተለውሷል። የታደለችን ክፍል በር አንኳኳሁ። ከፈተችና ስታየኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኛ ሀገር በሥራ ቀን፣ ሳይነግር፣ በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሰው ይዞት የሚመጣው አንድ ነገር ነው።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም» አልኳት። «በስልክ አልፈታ ብሎኝ ነው።»

እንዴት ነህም አላለች፣ እንዴት ነሽም አላልኩ። ከዚያ ገለል አለችልኝና ገባሁ። ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ እመለሳለሁ፤ ሥራ አርፍጄ እገባለሁ፤ ዝውውሩም ቦታ ሲገኝ ይታያል። ጉዳዩ እንዳልተዘጋ ሁለታችንም እናውቃለን። ታደለች ድስቱን አወረደች፣ ጎደሬውን አወጣች፣ ዳጣውን አቀረበች። እኔ እንደምመጣ ማንም አልነገራትም ነበር። ራቱ ግን ለሁለት በቃ።